በሲሚንቶ የታፈነ የጭቃ ግድግዳ፦ በቅርስነት የተመዘገበ የጀርመን ገበሬ ቤት እንዴት ይጠገናል?

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ በጀርመን ኒደርዛክሰን ክፍለ ግዛት ውስጥ አንድ አሮጌ የገበሬ ቤት ገዝተናል። ከትልቁ በር በላይ ባለው እንጨት ላይ 1796 የሚል ተቀርጿል፤ ቤቱም በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ግድግዳው የእንጨት ማዕቀፍ ሆኖ መካከሉ በጭቃ የተሞላ ነው። የምዕራቡን ግድግዳ የቀድሞው ባለቤት በሲሚንቶ ለስኖ፣ ልስኑ ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበትን ስንጥቅ በሲሊኮን ደፍኖታል። ከታች የተጋደመው ወፍራም እንጨት በካቻቢቴ ስወጋው ይሰምጣል። አንድ ግንበኛ ጭቃውን አውጥተን በብሎኬት ብንሞላውና ከውጭ በስታይሮፎም ብንሸፍነው ይሞቃል አለን። ቅርስ ጥበቃ የሚያገባው የውጩ መልክ ብቻ ስለሆነ ውስጡን እንደፈለጋችሁ አድርጉት የሚሉም አሉ። ምን ይሻለናል? መንግሥትስ ወጪውን ይሸፍናል?»

መልስ፦

ብሎኬቱም ስታይሮፎሙም ይቅሩ። ግንበኛው ጥፋቱን በጭቃው ላይ ጥሏል፤ እንጨቱን ያበሰበሰው ግን ጭቃውን ያፈነው ሲሚንቶ ነው። ጭቃው ወጥቶ ብሎኬት ቢገባ ያው በሽታ በአዲስ ዕቃ ይቀጥላል፣ በዚያ ላይ ያለ ፈቃድ ከተሠራ ቅጣት ሊከተል ይችላል።

ጀርመኖች ፋኽቬርክ የሚሉት የእንጨት ማዕቀፍ አሠራር ከአገር ቤቱ ጭቃ ቤት ጋር የሚመሳሰለው በግድግዳው አሞላል ነው፤ አቋቋሙ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ የግድግዳው እንጨት እግሩ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ማገሩ በሚስማር ወይም በልጥ ይያዛል፣ ጭቃው ሲደርቅም ግድግዳውን አጥብቆ ያቆማል። እዚህ ግን ሸክሙን የሚሸከመው የእንጨቱ ማዕቀፍ ብቻውን ነው። ከድንጋይ መሠረት በላይ የሚጋደመው እንጨት ሽቬለ ይባላል፤ እርስዎ በካቻቢቴ የወጉት እሱን ነው። በላዩ ላይ ሽቴንደር የሚባሉት ቋሚዎች ይቆማሉ፣ ሪግል የሚባሉ አጫጭር አግዳሚዎች ያያይዟቸዋል፣ ሰያፎቹ ሽትሬበዎች ቤቱ በነፋስ እንዳያዘም ይይዙታል፣ ከላይ ደግሞ ሬም የሚባለው ረጅም አግዳሚ ሁሉንም ያስራል። መጋጠሚያዎቹ ብረት የላቸውም። የአንዱ ጫፍ እንደ ምላስ ተጠርቦ በሌላው ጉድጓድ ውስጥ ይገባና በባሉጥ (ኦክ) ችንካር ይቆለፋል። በእንጨቶቹ መካከል ያለው አራት ማዕዘን ክፍተት ገፋኽ ነው። በውስጡ የተሰነጠቀ ባሉጥ ሽመል ተወጥሮ፣ የአኻያ ቅርንጫፍ ተጎንጉኖበት፣ ጭድ የገባበት ጭቃ ከሁለቱም ወገን ይመረግበታል። ይህ ሙሌት ምንም ሸክም ስለሌለው የአንዱን ገፋኽ ጭቃ ሙሉ በሙሉ ቢያወጡ ቤቱ ንቅንቅ አይልም። ግንበኛው በብሎኬት መተካቱ ቀላል የመሰለው ከዚህ የተነሳ ይሆናል። እነዚህን ስሞች ይያዟቸው፤ ከአናጢው ጋርም ከባለሥልጣኑ ጋርም የሚነጋገሩት በእነሱ ነው።

ቤትዎ በዚያ አካባቢ ሰው፣ ከብትና እህል በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖር ከነበረው የአዳራሽ ቤት ወገን ሳይሆን አይቀርም። ጋሪ የሚያስገባው ትልቅ በር ዲለ ወደሚባለው ሰፊ አዳራሽ ይከፈታል። ከብቶቹ በግራና በቀኝ ባሉት ኩቡንግ የተባሉ ዝቅተኛ ጎኖች ይታሰሩ ነበር፣ እህሉ ከአዳራሹ በላይ ባለው ቆጥ ይከመራል፣ ክፍት ምድጃው ፍሌት በሚባለው ስፍራ ይነድዳል፣ ከዚያ ወዲያ ካመርፋኽ የተባለው የመኖሪያ ክፍል አለ። ጭስ ማውጫ አልነበረውም፤ ጭሱ በእህሉ መካከል አልፎ በጣሪያው ጫፍ ይወጣ ነበር። ይህን የምጽፈው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ጥገናው የሚወሰነው ቤቱ ባለ ሁለት ረድፍ ወይም ባለ አራት ረድፍ ቋሚ በመሆኑ ነው። አዳራሹ መሃል ይቁሙና ይመልከቱ። የጣሪያውን ዋና ሸክም የያዙት በአዳራሹ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ረድፍ ምሰሶዎች ከሆኑና የውጩ ግድግዳ ከነሱ በጣም ዝቅ ካለ፣ የጎን ግድግዳዎ የሚሸከመው የኩቡንጉን ጣሪያ ብቻ ነው፤ ሽቬለውን መቀየር ያን ያህል አያስፈራም። የውጩ ግድግዳ ቋሚዎችም ከውስጦቹ እኩል ከፍ ብለው የአዳራሹን አግዳሚዎች ጫፍ ከያዙ ግን ያው ሥራ ያለ መሐንዲስ አይነካም።

በበሩ ላይ ያለው ዓመት ቤቱ የተሠራበት መሆኑን እንደ ማስረጃ አይውሰዱት። ፊት ለፊቱ ብቻ በኋላ ታድሶ፣ ወይም አግዳሚው ከሌላ ቤት መጥቶ ሊሆን ይችላል። ከባሉጡ በቀጭኑ ተቦርቡሮ በሚወጣ ናሙና የዕድገት ቀለበቶቹ ስፋት ተለክቶና ዓመታቸው ከታወቀ ቀለበቶች ጋር ተነጻጽሮ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ሊታወቅ ይችላል። በየመጋጠሚያው በሮማውያን ቁጥር መልክ የተጫሩ ምልክቶችም ታገኛላችሁ፤ አናጢዎቹ ማዕቀፉን መሬት ላይ ገጣጥመው ሲያፈርሱና መልሰው ሲያቆሙ የጻፏቸው ናቸው። አንድን እንጨት በአሸዋ ንፋስ ያጸዳ ሰው እነዚህንም የመጥረቢያውንም አሻራ አብሮ ይጠርጋቸዋል።

አሁን ወደ ውኃው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የባሉጥ ቋሚ በክረምትና በበጋ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ሊለዋወጥ ይችላል። ስለዚህ በእንጨቱና በሙሌቱ መካከል የፀጉር ያህል ስንጥቅ ሁልጊዜ አለ፤ የሚደፈንበት ዘዴም የለም። የድሮው አሠራር ስንጥቁን ተቀብሎ ይኖራል። የገባውን ዝናብ ጭቃውና የኖራው ልስን እንደ ኩራዝ ክር ስበው በሰፊው ገጽ ላይ ያሰራጩታል፣ ነፋስና ፀሐይ ያደርቁታል። ጭቃ ውኃን ከእንጨቱ እየሳበ ስለሚወስድ አጠገቡ ያለውን ባሉጥ ያደርቀዋል። ሲሚንቶ ግን ከእንጨቱ ጋር አይንቀሳቀስም፣ ውኃም በፍጥነት አይለቅም። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባና ከልስኑ ጀርባ ወርዶ ሪግሉ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ የምላሱ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በመጨረሻ ሽቬለው ላይ ያርፋል። ሲሊኮኑ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ በአንድ በኩል ይለቅና የዝናብ መቀበያ ቦይ ይሆናል። የእንጨቱ እርጥበት ዘወትር ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አያሳስብም፤ 30 በመቶ አካባቢ ሲደርስና እዚያው ሲቆይ ፈንገስ ይነሳል። ጭቃ ቤቱ በሲሚንቶ ሲለሰን ልስኑ እንደ ቂጣ እየተላጠ ሲወድቅ አገር ቤት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እዚያ የሚወድቀው ልስኑ ነው፤ እዚህ ግን ልስኑ ጸንቶ ቋሚው ይበሰብሳል።

ብሎኬት ለምን እንደማይሆን ከዚህ ይከተላል። የኮንክሪቱ ይከብዳል፣ አይላመድም። ቀላሉ የጋዝ ኮንክሪት ብሎኬት ደግሞ ውኃ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። በዚሁ ምክንያት የውጩ ስታይሮፎም ማዕቀፉን ከማድረቂያው ነፋስ ይለየዋል፤ የቤቱን ፊትም ስለሚደብቅ ቅርስ ጥበቃ አይፈቅደውም።

ሥራው የሚጀምረው ከመሬት ነው። በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ በቤቱ ዙሪያ አፈርና ንጣፍ እየተደራረበ ሽቬለው ወደ መሬት የተጠጋ ይሆናል። ከሽቬለው ሥር እስከ መሬቱ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር መኖር አለበት፤ ከዚያ ባነሰ ጣሪያው ላይ የወረደው ዝናብ መሬት ነጥሮ እንጨቱን ያርሰዋል። አፈሩ ዝቅ ይበል፣ ግድግዳው ሥር ሲሚንቶ ሳይሆን ጠጠር ይሁን፣ አሸንዳው ካለ ይጠገን። ነገር ግን መሠረቱን ከአፈር በታች አታራቁቱ፤ የድሮ የድንጋይ መሠረት ጥልቀት የለውም፣ ጎኑ ሲከፈት ይንሸራተታል።

ቀጥሎ አናጢ ያስፈልጋችኋል፣ ያውም አሮጌ ማዕቀፍ ጠግኖ የሚያውቅ። እሱ እያንዳንዱን እንጨት በወስፌ እየወጋ፣ በመዶሻ እየመታ ድምፁን እየሰማ፣ በእርጥበት መለኪያ እየለካ በቤቱ ሥዕል ላይ ምልክት ያደርጋል። ላይ ላዩ 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር የላላ ባሉጥ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጠንካራ ስለሆነ ይቦረሽና ይተዋል። ሽቬለው እስከ ውስጥ ከበሰበሰ የሚቀየረው የበሰበሰው ርዝመት ብቻ ነው። ከላይ ያለው ቋሚ በድጋፍ ተይዞ በክሪክ ሸክሙ እስኪለቅ ድረስ በሚሊሜትር ይነሳል፤ ከዚያ በላይ አይነሳም። የዘመመውን ቤት አቃናለሁ የሚል ሰው ከመጣ አሰናብቱት። ቤቱ በዘመመበት ረግቷል፤ ሲያቃኑት መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፣ ሌላው ግድግዳ ይቀደዳል። አዲሱ ቁራጭ ከአሮጌው ጋር በሰያፍ ተደራርቦ ይጋጠማል፤ መደራረቢያው የእንጨቱን ቁመት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሁን፣ ማለትም ለ20 ሴንቲሜትር እንጨት 50 ሴንቲሜትር። ገጹ ውኃ ወደ ውጭ በሚያፈስ መልኩ ይቆረጥ። እንጨቱ የደረቀ ባሉጥ ይሁን፤ ትኩስ ከተገጠመ ሲደርቅ ይጣመማል፣ መጋጠሚያውም ይላቀቃል። ባሉጥ በክፍት አየር ሲደርቅ በአንድ ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ ብዙዎቹ አናጢዎች ከፈረሱ ቤቶች የተገኘ አሮጌ ባሉጥ ያስቀምጣሉ፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ተራ የብረት ሚስማር በባሉጥ ውስጥ ስለሚዝግና እንጨቱን ስለሚያጠቁር ችንካሩ ባሉጥ ይሁን። የበሰበሰውን ቦታ በሲሚንቶ ወይም በኤፖክሲ መሙላት ውኃውን አዲሱ ድንበር ላይ ስለሚያቆመው ብስባሹ ከጎኑ ይቀጥላል።

ሲሚንቶው ከጭቃው ላይ በመሮና በመዶሻ በጥንቃቄ ይነሳ፤ ትልቅ የመሰርሰሪያ ማሽን ሽመሎቹን አራግፎ ጤነኛውን ጭቃ ይጥለዋል። ከሥሩ ያለው ጭቃ ደረቅና ከሽመሉ ጋር የያዘ ከሆነ አይነካም። በቅርስ አያያዝ ዋናው ደንብ ይሄ ነው፤ የተጠበቀው የቤቱ መልክ ብቻ ሳይሆን ዕቃውም ነው። «ውስጡን እንደፈለጋችሁ» ያላችሁ ሰውም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቅርስ ሕግ በጀርመን የየክፍለ ግዛቱ ሲሆን በኒደርዛክሰን የሚሠራው በ1978 የወጣው ነው። የተመዘገበ ሕንጻ ከውስጥም ከውጭም የተመዘገበ ነው። ግድግዳ፣ ወለል፣ በር፣ መስኮት፣ የውስጥ ልስንም ሳይቀር ለመቀየር በጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚሰጠው በላንድክራይሱ (በወረዳው አስተዳደር) ወይም በከተማው ያለው ኡንተረ ዴንክማልሹትስበሆርደ የተባለው የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ማለት ምንም አይነካም ማለት አይደለም። ከአናጢው የተሠራ የጉዳት ሥዕል፣ ፎቶና አጭር የሥራ መግለጫ ይዞ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ ይግባባል፤ ማሽን አስገብቶ ከጀመረ በኋላ የሚሄድ ግን የፈረሰውን መልሶ እንዲሠራ ሊታዘዝ ይችላል።

የምዕራቡ ግድግዳ ላይ ጥብቅ አቋም አለኝ። ዝናብና ነፋስ በሰሜን ጀርመን በአብዛኛው የሚመጣው ከምዕራብ ነው፤ የድሮ ገበሬዎችም ያንን ወገን በሳንቃ ወይም በተንጠለጠለ ሸክላ ይሸፍኑት ነበር። ማዕቀፉ እንዲታይ መፈለግ የኋላ ሰው ምኞት ነው። ጎረቤት ካሉት ቤቶች የምዕራብ ወገናቸው ሳንቃ የለበሰ ካለ፣ ወይም በእናንተ ቋሚዎች ላይ በመስመር የተደረደሩ የአሮጌ ሚስማር ቀዳዳዎች ካያችሁ፣ ሳንቃ ለማልበስ ጠይቁ። ከሳንቃው ጀርባ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ከታች እስከ ላይ የሚተነፍስ ክፍተት ይተው፤ የታችኛው ጫፍ የነፍሳት ወንፊት ይኑረው። ከተፈቀደ የዚያ ግድግዳ ዝናብ ጉዳይ ያልቃል፣ የሙቀት መከላከያም ከሳንቃው ሥር ከውጭ ሊገባ ይችላል።

ማዕቀፉ ለሚታይባቸው ለሌሎቹ ግድግዳዎች መከላከያው ከውስጥ ይሁን፣ ስስ ይሁን። አሮጌ ሕንጻ የሚጠግኑ ባለሙያዎች የሚከተሉት ገደብ፣ ያለ ልዩ ስሌት ለሚታይ ፋኽቬርክ፣ የሚጨመረው የሙቀት መከላከል አቅም ከ0.8 m²K/W እንዳይበልጥ ነው፤ በእንጨት ጭረት ሰሌዳ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ትንሽ መስሎ ይታያል፣ ግን ስሌቱን ልብ ይበሉ። 14 ሴንቲሜትር የሆነ የጭቃ ግድግዳ ሙቀት የሚያሳልፍበት ቁጥር (በW/m²K፣ ሲያንስ ይሻላል) 2.4 አካባቢ ሲሆን፣ 4 ሴንቲሜትር ሲጨመርበት 0.8 አካባቢ ይወርዳል። በግድግዳው ከሚጠፋው ሙቀት ሁለት ሦስተኛው ዳነ ማለት ነው። 8 ሴንቲሜትር ቢያደርጉት 0.5 ያህል ይሆናል፤ የተጨማሪው ጥቅም ትንሽ ነው፣ ግድግዳው ግን ከቤቱ ሙቀት ስለሚርቅ ቀዝቅዞ ማድረቁ ይዘገያል። ሰሌዳው በጭቃ ምርጊት ሙሉ በሙሉ ተጣብቆ ይለጠፍ፤ ከጀርባው ባዶ ቦታ ከቀረ የክፍሉ እንፋሎት እዚያ ገብቶ ውኃ ይሆናል። ላስቲክ አይገባም፣ የጂፕሰም ሰሌዳ በብረት ማዕቀፍ ላይ አይቆምም። ላዩ በጭቃ ልስን ይሸፈን። ብዙ ገንዘብ የሚያተርፈው ግን ጣሪያው ነው። ከመኖሪያው በላይ ባለው ወለል 20 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ የእንጨት ጭረት ወይም ሴሉሎስ መነስነስ ከግድግዳው ሁሉ ይልቃል፣ ቅርሱንም አይነካም። የጀርመን የሕንጻ ኃይል ሕግ ለተመዘገቡ ቤቶች ልዩ ፈቃድ ስላለው፣ ኃይል ቆጣቢ ካልሆነ አይሆንም ለሚል ሰው አይስገዱ።

ሙሉውን ዲለ ለማሞቅ አታስቡ። ትልቁ አዳራሽ እንደ ተሸፈነ ግቢ ይቆይና ካመርፋኹ ይሞቅ። የከብቶቹ ስፍራ የነበረው የኩቡንግ ግድግዳ ደግሞ ለየት ያለ ችግር አለው፤ የዘመናት ሽንት ጨው በድንጋዩና በጡቡ ውስጥ ቀርቷል፣ ጨዉም ከአየር እርጥበት ይስባል። የነጣ ዱቄት ካያችሁ በቋሚ ልስን አትሸፍኑት፣ ቀለምም አትቀቡት። ጨዉን የሚጠጣ ርካሽ የኖራ ልስን ለሁለት ሦስት ዓመት ተለጥፎ ይጣላል፣ ያስፈልግም ይሆናል እንደገና።

ከመቦርቦርና ከመፋቅ በፊት የሚመረመሩ ጥቂት ነገሮች አሉ። በምዕራብ ጀርመን ፒሲፒ የተባለው የእንጨት መርዝ እስከ 1989 ድረስ ስላልተከለከለ በጣሪያ እንጨት ላይ ሊኖር ይችላል፤ አቧራው ቤተ ሙከራ ይላክ። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊይዝ ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ። ከ1993 በፊት የገባ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ክዳን ካለ አስቤስቶስ ነው ብላችሁ ያዙት። ከሽቬለው ሥር ነጭ ወፍራም ክር ወይም ዝገት የመሰለ ቀይ ቡናማ ዱቄት ካገኛችሁ ሥራው ይቁም፤ የቤት ፈንገስ የሚባለው ዓይነት በግንቡ ውስጥ ሳይቀር ሊያድግ ስለሚችል በባለሙያ ይለይ። የእንጨት ነፍሳት ግን ብዙ ጊዜ ያን ያህል አያስጨንቁም። በጥድ ቤቶች አስፈሪ የሆነው ትልቁ ጥንዚዛ ባሉጥን አይበላም፤ ሁሉንም በመርዝ ልርጭ የሚል ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው።

ስለ ገንዘቡ። መንግሥት ወጪውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ በዋናነት ከታክስ ነው የሚቀንስላችሁ። ራሳችሁ የምትኖሩበት ከሆነ የተረጋገጠው የጥገና ወጪ በዓመት 9 በመቶ እየሆነ ለ10 ዓመት፣ በድምሩ 90 በመቶ፣ ከታክስ ከሚከፈልበት ገቢያችሁ ይቀነሳል። 100,000 ዩሮ ከጠገናችሁ በዓመት 9,000 ዩሮ ገቢ ታክስ አይከፈልበትም፤ በመጨረሻው እርከናችሁ 35 በመቶ የምትከፍሉ ከሆነ 3,150 ዩሮ በዓመት ታተርፋላችሁ። የቤቱ መግዣ ዋጋ አይገባም፣ የራሳችሁ የጉልበት ዋጋም አይገባም፣ የዕቃው ደረሰኝ ግን ይገባል። ሁሉም ነገር የሚቆመው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከቅርስ ጥበቃው ጋር ስለ መስማማታችሁ በሚሰጠው ማረጋገጫ ላይ ነው። ከአናጢው ጋር ውል ከመፈረማችሁ በፊት የፈቃዱ ደብዳቤ በእጃችሁ ይሁን። የላንድክራይሱ ወይም የክፍለ ግዛቱ ትንሽ ድጎማም ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀጠሮ ጠይቁ።

ራሳችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ጭቃውን ነው፤ እጃችሁም ያውቀዋል። የወደቀውን አሮጌ ጭቃ አትጣሉት። ሰባብራችሁ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ነክሩትና የገብስ ጭድ ጨምራችሁ አቡኩት፤ የጨበጣችሁት ኳስ ከደረት ከፍታ ሲወድቅ ሳይፈርስ ጠፍጠፍ ካለ ደርሷል። ሽመሉ ከላላ በአዲስ ቀንበጥ ይጎንጎን። ጭቃው ከሁለቱም ወገን ተጭኖ ይመረግ፣ የውጩ ገጽ ከእንጨቱ ፊት 1.5 ሴንቲሜትር ገባ ይበል፣ ሳይደርቅ በሰያፍ ይጫር። ለሳምንታት ይድረቅ። ሲኮማተር በጠርዙ የተፈጠረውን ክፍተት በጭቃ ሙሉት፣ በአረፋ ወይም በሲሊኮን አይሁን። ከዚያ ኖራ አንድ እጅ፣ አሸዋ ሦስት እጅ፣ የፍየል ፀጉር የገባበት፣ በሁለት ዙር ከእንጨቱ ጋር እኩል እስኪሆን ይለሰን፤ ወጥቶ ከተቀመጠ ጠርዙ የዝናብ መደርደሪያ ይሆናል። ልስኑ ገና እርጥብ ሳለ በማንኪያ ጫፍ ከእንጨቱ ይቆረጥ። ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን፤ ኖራ ቶሎ ከደረቀ ይፈረፈራል። ከ5 ዲግሪ በታች አይሠራም፣ ስለዚህ ጭቃውን በግንቦትና በሰኔ ጨርሱት። መስከረም ላይ የተመረገ ገፋኽ በውርጭ ውስጥ እርጥብ ሆኖ ይገባል፣ በፀደይ ደግሞ መሬት ላይ ታገኙታላችሁ።